የትንሿ መርከብ ሒሳብ

በህዋ ላይ የሚካሄድ ጦርነትን የሚተርክ ልቦለድ ባነሣሁ ቁጥር ዓይኔ የሚሄደው ወደ ትንሿ መርከብ ነው። ብዙ ኪሎ ሜትር የሚረዝመው፣ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ተሸክሞ የሚንቀሳቀሰውና በአንድ ምት ከተማ የሚያጠፋው ግዙፍ የጦር መርከብ ምዕራፍ በምዕራፍ ላይ ይጻፍለታል፤ ትንሿ ቃኚ መርከብ ግን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ አንቀጽ ትገባና በሚቀጥለው ትቃጠላለች። የጠላት ኃይል ምን ያህል እንደሆነ ለአንባቢ ማሳየት ሲፈለግ ቀድማ የምትመታው እርሷ ናት፤ በውስጧ የነበሩትም ሰዎች ስማቸው ሳይጠራ ያልፋሉ። ይህ ሁልጊዜ ይቆጨኛል። እኔ እንደማስበው ከመላው ጦር መካከል ሊተረክ የሚገባው ነገር በብዛት የሚገኘው በዚያች ጠባብ መርከብ ውስጥ ነው።

ስለ ጀግንነት እያወራሁ አይደለም፤ ጀግንነት በትልቁም በትንሹም መርከብ ላይ ይገኛል። ትንሿን ልዩ የሚያደርጋት ጉድለቷን መሸፈኛ የሌላት መሆኗ ነው። ግዙፉ መርከብ ነዳጅ ቢያባክን፣ መቶ ሰው ቢታመምበት፣ አንድ ሞተር ቢቆምበት ሥራው ይቀጥላል፤ ደራሲውም ስለ ሒሳቡ ሳይጨነቅ ወደ ጦርነቱ ይሄዳል። በትንሿ መርከብ ላይ ግን ነዳጁ፣ አየሩ፣ ሙቀቱና የሰው ጉልበቱ በየሰዓቱ ይቆጠራሉ፤ አዛዧ የምትሰጠው ትእዛዝ ሁሉ ከአንዱ ተቀንሶ ለሌላው የሚሰጥ ነው። ማን ምን እንደተቀነሰበት ደግሞ በዚያው ሰዓት ሁሉም ያውቃል።

ነገሩን ከባሕር ልጀምር፤ የህዋው ቃኚ መርከብ ሐሳብ የተወለደው እዚያ ነውና። በባሕር ላይ ያለች ቃኚ መርከብ ዕድሜዋን የምትጨርሰው በውጊያ አይደለም። የዓሣ አስጋሪዎችን ፈቃድ ትመረምራለች፣ የኮንትሮባንድ ጭነት ትፈትሻለች፣ ሞተሩ የጠፋበትን ጀልባ ትጎትታለች፣ ከሰመጠ ጀልባ የተረፉትን ትለቅማለች፤ የቀረውን ጊዜ ደግሞ ምንም በሌለበት ውሃ ላይ ስትመላለስ ታሳልፋለች። እ.ኤ.አ. በ1982 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት በአንቀጽ 29 የጦር መርከብን ምንነት ሲደነግግ የአንድ አገር የጦር ኃይል ንብረት መሆኗን፣ የአገሯን ወታደራዊ መለያ በውጭ አካሏ ላይ መያዟን፣ መንግሥት በሾመው መኮንን መታዘዟንና ባልደረቦቿ በመደበኛ የጦር ኃይል ሥርዓት የሚተዳደሩ መሆናቸውን ይዘረዝራል። ስለ ርዝመቷ፣ ስለ ክብደቷ ወይም ስለ መድፎቿ ብዛት ግን የሚለው ነገር የለም። በሕግ ፊት ሃያ ሰው የያዘች መርከብ አምስት ሺህ ሰው ከሚይዝ አውሮፕላን ተሸካሚ እኩል ናት።

ከዚሁ ስምምነት ሌሎች ሁለት አንቀጾች ለሳይንሳዊ ልቦለድ ጸሐፊ ይጠቅማሉ። አንቀጽ 110 በባሕር ላይ ዝርፊያ ወይም በባሪያ ንግድ የተጠረጠረችን፣ ወይም ዜግነት የሌላትን መርከብ የጦር መርከብ አስቁሞ እንዲመረምር ይፈቅዳል። አንቀጽ 98 ደግሞ በባሕር ላይ ሊጠፋ የደረሰን ሰው የመርዳት ግዴታን ያስቀምጣል፤ ግዴታው የሚጸናው ግን የመርከቡ አዛዥ መርከቡን፣ ባልደረቦቹንና መንገደኞቹን ለከባድ አደጋ ሳያጋልጥ ሊፈጽመው እስከቻለ ድረስ ነው። ይህችን የመጨረሻ ሐረግ አንባቢ ይያዝልኝ፤ ወደ ህዋ ስንወጣ ብዙ ነገር የሚያርፈው በእርሷ ላይ ነው።

ትንሽ መርከብ ከአቅሟ በላይ የሆነ ሥራ ሲሰጣት ምን እንደሚመጣ ለማየት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ የንግድ መርከቦችን ቅፍለት ያጅቡ የነበሩትን የብሪታንያ ኮርቬቶች ማስታወስ ይበቃል። በአበቦች ስም የተሰየሙት እነዚህ መርከቦች ንድፋቸው የመጣው ከዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከብ ነው፤ የተመረጠውም የጦር መርከብ ሠርተው የማያውቁ ትናንሽ የመርከብ መሥሪያዎች በቶሎ ሊገነቡት ስለሚችሉ ነበር። የታሰቡት ለባሕር ዳርቻ ጥበቃ ሲሆን የተላኩት ወደ ውቅያኖሱ መሐል ነው። ከፍተኛ ፍጥነታቸው በሰዓት 16 የባሕር ማይል ነበር፤ ሊያጠቋቸው የወጡት የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ግን ከውሃው በላይ ሲጓዙ ከ17 በላይ ይሄዱ ስለነበር አሳዳጇ ከተሳዳጁ ትዘገይ ነበር። በእያንዳንዷ ላይ 85 ያህል ሰዎች ተፋፍገው ይኖሩባታል። ቀደም ብለው በተሠሩት ላይ ማብሰያው ወደ ኋላ፣ የመርከበኞቹ መኖሪያ ወደ ፊት ስለነበር ምግቡን የሚያመላልሰው ሰው ማዕበል በሚገርፈው ክፍት ወለል ላይ መሻገር ነበረበት፤ ምግቡም ሲደርስ ቀዝቅዞ ይደርሳል። መርከበኞቹ ራሳቸው «በእርጥብ ሣር ላይ ብትቆምም ትናወጣለች» እያሉ ይቀልዱባት ነበር።

ከዚህ ታሪክ የምወስደው መከራውን አይደለም፤ ስለ መከራው ብዙ ተጽፏል። ልብ የምለው እነዚያ መርከቦች ለሥራው የማይመቹ መሆናቸው ከመጀመሪያው የታወቀ መሆኑን ነው። የላካቸው ሰው ያውቃል፣ የሚታዘዙትም ያውቃሉ፣ ግን ሌላ መርከብ አልነበረም። ቃኚ መርከብ በህዋ ልቦለድ ውስጥ ስትገባ ይህን ባሕርይዋን ይዛ ብትገባ ደስ ይለኛል፤ በአዲስ ብረት የምታብረቀርቅ ሳትሆን ለሌላ ዓላማ ተሠርታ በችኮላ የተለወጠች፣ አዛዧም ይህን አውቃ የምትሠራባት መርከብ ትሁን።

ብዙ ጸሐፊዎች ትንሿን መርከብ ፈጣን ያደርጓታል። በውሃ ላይ የሚጓዝ ነገር ሞተሩ ሲገፋው ውሃው ስለሚገታው ሊያልፈው የማይችለው የፍጥነት ጣሪያ አለው፤ በህዋ ግን የሚገታ ነገር ስለሌለ ሞተሯን ያጠፋች መርከብ በያዘችው ፍጥነት ትቀጥላለች። ስለዚህ የሚጠየቀው በምን ፍጥነት ትሄዳለች የሚለው ሳይሆን ፍጥነቷን ምን ያህል መለወጥ ትችላለች የሚለው ነው። ለመነሣትም፣ ለመታጠፍም፣ ለመቆምም የምታወጣው ከዚያው ከአንዱ ቋት ነው። ሩሲያዊው ኮንስታንቲን ሲዮልኮቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1903 ያሳተመው ቀመር የዚህን ቋት ሕግ ይነግረናል። አንዲት መንኮራኩር ፍጥነቷን ከሞተሯ በሚወጣው ጋዝ ፍጥነት ልክ መለወጥ ከፈለገች ስትነሣ ካላት ክብደት 63 በመቶው ነዳጅ መሆን አለበት፤ እጥፉን ከፈለገች 86 በመቶ፣ ሦስት እጥፉን ከፈለገች 95 በመቶ ይሆናል። ሃይድሮጅንና ኦክስጅን የሚያቃጥሉ ጥሩ ሞተሮች ጋዙን በሰከንድ 4.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ያስወጣሉ። እንግዲህ በጠቅላላው በሰከንድ የ4 ኪሎ ሜትር ለውጥ ማድረግ የምትችል ቃኚ መርከብ 59 በመቶዋ ነዳጅ ነው፤ በቀረው 41 በመቶ ውስጥ ታንኩ፣ ሞተሩ፣ ግድግዳው፣ መሣሪያው፣ ውሃው፣ አየሩና ሰዎቹ ይካተታሉ።

ነዳጅ የሚቆጥብ ሞተር የለም ወይ የሚል ይኖራል። አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 የተላከችው ዶውን የተባለች መንኮራኩር በኤሌክትሪክ የተሞሉ ቅንጣቶችን በሚያስወጣ አዮን ሞተር ተጉዛ ቬስታና ሴሬስ የተባሉትን ትናንሽ የህዋ አካላት ጎብኝታለች፤ በሥራ ዘመኗም ፍጥነቷን በጠቅላላው በሰከንድ ከ11 ኪሎ ሜትር በላይ ለውጣለች። ይሁን እንጂ የሞተሯ ግፊት እጅግ ደካማ ስለነበር ፍጥነቷን በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ለመጨመር አራት ቀን ይወስድባት ነበር። እንዲህ ባለ ሞተር የሚያሳድድ ፖሊስ ሌባውን የሚደርስበት ሌባው አርጅቶ ከሞተ በኋላ ነው።

አሁን ሒሳቡን ወደ ሰው እናምጣው። ለራሴ በምጽፈው ረቂቅ ውስጥ ያለችው መርከብ ዘጠኝ ሰዎች አሏት፤ በሰከንድ የ4 ኪሎ ሜትር ለውጥ የሚያስችል ነዳጅም ይዛለች። ከማንኛውም ፕላኔት ርቃ ከጣቢያዋ አጠገብ ሳለች ከምድር እስከ ጨረቃ ያለውን ያህል ማለትም 384,400 ኪሎ ሜትር ርቆ ከሚገኝ የጭነት መርከብ የጭንቅ ጥሪ ይደርሳታል። መርከቡ ከጣቢያው አንጻር ባለበት የቆመ ነው እንበል፤ በውስጡ አሥራ አንድ ሰዎች አሉ፣ አየራቸው ለሦስት ቀን ይበቃል። ሄዶ ለመመለስ ነዳጁ አራት ጊዜ ይነካል፦ ለመነሣት፣ እዚያ ደርሶ ለመቆም፣ እንደገና ለመነሣትና ጣቢያው ጋ ለመቆም። አራቱን ድርሻ እኩል ካደረግናቸው መርከቢቱ በሰከንድ 1 ኪሎ ሜትር ትጓዛለች፤ በአራት ቀን ተኩል ገደማ ትደርሳለች፣ የምታገኘውም ሬሳ ነው። ነዳጁን ሁሉ በመሄጃው ላይ ካዋለችው በሰከንድ 2 ኪሎ ሜትር ተጉዛ በሁለት ቀን ከአምስት ሰዓት ትደርሳለች፤ ሰዎቹን በሕይወት ታገኛቸዋለች፣ ከዚያ በኋላ ግን እርሷ ራሷ ጭንቅ ውስጥ ያለች መርከብ ትሆናለች። በረቂቄ ውስጥ የሞተር ኃላፊው፣ በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጠው ሃምሳ አለቃ፣ ይህን ሁለተኛውን ሐሳብ በአጭሩ ነው የሚመልሰው፦ «መቶ አለቃ፣ ሒሳቡን ደጋግሜ ሠርቼዋለሁ። ያደርሰናል፤ አይመልሰንም።»

ሦስተኛው መንገድ በመሐል ያለው ነው። በሰከንድ 1.5 ኪሎ ሜትር ከተጓዘች ሦስቱ ቀን ሊያልቅ አንድ ሰዓት ያህል ሲቀረው ትደርሳለች፤ ካላት ፍጥነት የመለወጥ አቅም ሦስት አራተኛውን ስለምትጨርስ የምትመለሰው በሰከንድ ግማሽ ኪሎ ሜትር፣ ወደ ዘጠኝ ቀን በሚጠጋ ጉዞ ነው። አንድ ሰው በቀን 0.84 ኪሎ ግራም ያህል ኦክስጅን ይፈልጋል። ለዘጠኝ ሰው የተሰናዳች መርከብ በዚያ የመልስ ጉዞ 67 ኪሎ ገደማ ይበቃት ነበር፤ ሃያ ሰው ስትይዝ ግን 150 ኪሎ ያስፈልጋታል፣ የሚተነፍሱትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያጣራው መሣሪያም ከሁለት እጥፍ በላይ ይሠራል። የባሕሩ ሕግ «ለከባድ አደጋ ሳያጋልጥ» ሲል እዚህ ላይ ምን ማለቱ ነው? በባሕር ላይ ያለ አዛዥ ይህን የሚመልሰው ማዕበሉን አይቶ በግምት ነው። በህዋ ያለችው አዛዥ ግን ቁጥሩ እስከ ነጥቡ ድረስ ፊቷ ላይ ተቀምጦ እያየችው ትወስናለች፤ በግምት ማመካኘት አትችልም። ለእኔ የዚህ ዓይነት ልቦለድ ጉልበት ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ከመቶ የሚሳይል ልውውጥ ይልቅ ይህ አንድ ውሳኔ ያስጨንቀኛል።

ማሳደድም በዚሁ ሒሳብ ይገዛል። ብልህ ኮንትሮባንዲስት ከቃኚ መርከብ በፍጥነት ለማምለጥ አይሞክርም፤ እንድታሳድደው አድርጎ ቀስ በቀስ ነዳጇን ያስጨርሳታል፣ መመለስ የማትችልበትን ነጥብ እስክታልፍ ድረስ ከፊቷ አይጠፋም። በሬ ሆይ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው ለዚህች መርከብ አዛዥ የተነገረ ይመስላል። ልምድ ያላት አዛዥ ማሳደዱን የምታቆምበትን ቁጥር ሳትነሣ በፊት ትወስናለች፤ ወጣቱ ምክትሏ ሸሽቶ የሚሄደውን መርከብ በመስኮቱ እያየ ይንገበገባል፣ እርሷ ግን ሞተሩን ታጠፋለች።

ስለ መደበቅ ብዙ አልልም፤ ምክንያቱም መደበቅ የለም። የሰው መኖሪያ ሙቀት የሆነው 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለው ጥቁር ገጽ ከእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 460 ዋት ያህል ሙቀት በጨረር ይለቃል፤ ከኋላው ያለው ህዋ ደግሞ ሙቀት ከዚያ በታች ሊወርድ ከማይችልበት ከፍጹም ዜሮ 2.7 ዲግሪ ብቻ ከፍ ያለ ነው። ሞተሯን አጥፍታ ጸጥ ያለች መርከብ እንኳ ሰዎቿ በሕይወት እስካሉ ድረስ ለሙቀት መመልከቻ መሣሪያ ታበራለች። ይልቁንም የሚያስጨንቀው ሙቀቱን ማስወጣቱ ነው። አንድ ሜጋ ዋት ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ የኑክሌር ማመንጫ 30 በመቶውን ብቻ ወደ ኤሌክትሪክ ቢለውጥ ወደ 2.3 ሜጋ ዋት የሚጠጋ ትርፍ ሙቀት መጣል አለበት፤ ይህን በክፍል ሙቀት ለማስወጣት 5,000 ካሬ ሜትር ያህል ገጽ ያስፈልጋል። የገጹ ሙቀት ከፍጹም ዜሮ ተነሥቶ ሲለካ በእጥፍ ቢጨምር የሚለቀው ኃይል 16 እጥፍ ስለሚሆን ስፋቱ ወደ 320 ካሬ ሜትር ይወርዳል። ያም ቢሆን በትንሿ መርከብ ጎን የተዘረጋ ሰፊና ስስ ክንፍ ነው፤ ጠላት ሰዎቹ ያሉበትን ክፍል መምታት አያስፈልገውም፣ ክንፉን ቢበሳው መርከቢቱ በራሷ ሙቀት ትቀቀላለች።

መሣሪያን በተመለከተ አንድ እውነተኛ ታሪክ አለ። ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1974 ሳልዩት 3 በሚል ስም ያመጠቀችው ወታደራዊ የህዋ ጣቢያ ፈጣን ተኳሽ መድፍ ተገጥሞለት ነበር። መድፉ ከጣቢያው አካል ጋር የተጣበቀ ስለነበር ለማነጣጠር መላውን ጣቢያ ማዞር ያስፈልግ ነበር። በዚያው ዓመት ፓቬል ፖፖቪችና ዩሪ አርቲዩኪን በጣቢያው ኖረው ተመልሰዋል፤ መድፉ ግን የተተኮሰው እ.ኤ.አ. በጥር 1975 ጣቢያው ከምህዋሩ ሊወርድ ሲል፣ ሰው በሌለበት፣ ከምድር በተላከ ትእዛዝ ነው። በህዋ ላይ የሚተኩስ ሁሉ ራሱን ወደ ኋላ እንደሚገፋ መሐንዲሶቹ ያውቁ ነበር። ከዚህ የሚከፋው ግን የተተኮሰው ነገር ወድቆ አለመቅረቱ ነው። ቻይና እ.ኤ.አ. በጥር 2007 የራሷን አሮጌ ሳተላይት በሚሳይል ስትመታ ከ3,000 በላይ ክትትል የሚደረግባቸው ስብርባሪዎች በምህዋር ላይ ተበትነዋል። አንድን መተላለፊያ እንዲጠብቅ የተሾመ መርከብ በዚያው መተላለፊያ ላይ ቢተኩስ የሚጠብቀውን መንገድ ራሱ ያበላሸዋል። ስለዚህ የእኔ ቃኚ መርከብ መድፍ አላት፣ ባልደረቦቿም ይወለውሉታል፣ ይፈትሹታል፣ ግን በታሪኩ ውስጥ አንድም ጊዜ አይተኮስም። ይህን ያነበበ አንድ ወዳጄ አሰልቺ እንደሚሆን ነግሮኛል፤ እኔ ግን ሊተኮስ የሚችል መድፍ ያለበት ክፍል አሰልቺ እንደማይሆን አምናለሁ።

የትንሽነት ዋጋ በሰዎቹ አካል ላይም ይታያል። በልቦለድ ውስጥ ስበትን ለማምጣት የሚሽከረከር መርከብ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን በደቂቃ ሁለት ጊዜ እየተሽከረከሩ የምድርን ስበት ያህል ለማግኘት የክቡ ራዲየስ 224 ሜትር መሆን አለበት። በደቂቃ አራት ጊዜ ቢሆን እንኳ 56 ሜትር ያስፈልጋል፣ ያም ብዙ ሰው ላይ ማዞርና ማቅለሽለሽ ያመጣል። ትልቁ መርከብ ይህን ክብ ይይዛል፤ ትንሿ አትይዝም። ሞተሯ በሚሠራባቸው ጥቂት ደቂቃዎች ወለል አላት፣ በቀረው ጊዜ ሁሉ የለም። ክብደት በሌለበት የሚኖር ሰው ካልተንከባከበ ክብደት በሚሸከሙ አጥንቶቹ ላይ በወር ከ1 እስከ 1.5 በመቶ ያህል ጥግግት ስለሚያጣ በየቀኑ ረጅም ሰዓት የአካል እንቅስቃሴ ያደርጋል። በዘጠኝ ሰው መርከብ ላይ ይህ ማለት በማንኛውም ሰዓት አንድ ሰው ራሱን በማሰሪያ ወጥሮ እየሮጠ፣ ላቡም እየተሰበሰበ የመጠጥ ውሃ እየሆነ ነው ማለት ነው። ጸሐፊዎች ይህን ይዘሉታል። እኔ ግን ከመርከቧ ሞተር ድምፅ ይልቅ የዚያ የመሮጫ ድምፅ ነው በጆሮዬ የሚሰማኝ።

ስለ ሰዎቹ ስናነሣ ዘጠኝ ቁጥር የተመረጠው በሦስት ተራ ስለሚከፈል ነው፤ በእያንዳንዱ የስምንት ሰዓት ተራ ሦስት ሰዎች ይሠራሉ፣ ሦስት ይተኛሉ፣ ሦስት ደግሞ ይጠግናሉ፣ ያበስላሉ፣ ያጸዳሉ። ማንም አንድ ሥራ ብቻ የለውም። የሕክምና ባለሙያዋ የአየር ማጣሪያውንም ትጠብቃለች፤ ምክትሉ አቅጣጫ ያሰላል፣ ፍተሻም ይመራል፤ ሃምሳ አለቃው ሞተሩን ይዞ ምግቡንም የሚያበስለው እርሱ ነው። ከዚህ የሚከተለው ነገር የወታደራዊ ሥርዓትን ባሕርይ ይለውጠዋል። በትልቅ መርከብ ላይ ያጠፋ ሰው ይታሰራል፣ ተተኪ ይመጣል። በትንሿ ላይ እስር ቤት የለም፤ ቢኖርም አንድ ሰው ማሰር አንድ ተራን ማጉደል ስለሆነ ከእስረኛው ይልቅ የሚቀጡት የቀሩት ስምንቱ ናቸው። አዛዧ የተቆጣችውን ሰው ከሰዓታት በኋላ በዚያው ገበታ ታገኘዋለች። ከሞስኮ ወጣ ሳይሉ ስድስት ሰዎች ለ520 ቀን ተዘግተው በቆዩበት ማርስ 500 በተባለው ሙከራ አብዛኞቹ ላይ የእንቅልፍ ወይም የንቃት መዛባት ታይቷል። ሙከራው ውስጥ ጠላት አልነበረም፣ የሚፈራ ነገርም አልነበረም፤ የነበረው ተመሳሳይ ፊትና ተመሳሳይ ግድግዳ ብቻ ነው።

በእንዲህ ያለ መርከብ ላይ የሥልጣን ሁሉ ምንጭ ማዕረግ ነው ብዬ አላምንም። አዛዧ ወጣት መቶ አለቃ ናት፤ የሞተር ኃላፊው ግን ከእርሷ በዕድሜ እጥፍ ነው፣ የነዳጁን ቁጥርም የሚነግራት እርሱ ነው። ጥሩ የሞተር ኃላፊ ደግሞ ሁልጊዜ በታንኩ ውስጥ ካለው ትንሽ አሳንሶ ይናገራል፤ ይህን የሚያደርገው አዛዡ አንድ ቀን ከሚገባው በላይ እንደሚጠይቅ ስለሚያውቅ ነው። ጥሩ አዛዥ ይህን ትጠረጥራለች፣ ግን አትጠይቅም፤ ብትጠይቅ መልሱን በሒሳቧ ውስጥ ማስገባት አለባት፣ ያን ጊዜም መጠባበቂያው መጠባበቂያ መሆኑ ይቀራል። ሁለቱ ሰዎች በዚህ ባልተነገረ ነገር ላይ ተማምነው ለወራት ይሠራሉ። ከዚህ የበለጠ የመተማመን ታሪክ በመቶ መርከብ ጦር ውስጥ ለማግኘት ይከብደኛል።

ከበላይ መጠየቅም አይረዳትም። ብርሃን ከምድር ወደ ማርስ ለመድረስ እንደ ፕላኔቶቹ አቀማመጥ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ወደ ጁፒተር ከ33 እስከ 54 ደቂቃ። በጁፒተር ጨረቃዎች መካከል የምትቃኝ አዛዥ ምድር ላይ ያለውን ዋና መምሪያ ጠይቃ መልስ ለማግኘት ቢያንስ ከአንድ ሰዓት በላይ ትጠብቃለች፤ የጭንቅ ጥሪው ግን በየደቂቃው ውሳኔ ይፈልጋል። መምሪያው ሁሉን ያያል፣ ግን ሁሉን ዘግይቶ ያያል። ስለዚህ ይህች ወጣት መኮንን የመንግሥትን ሥልጣን በሙሉ ይዛ ትንቀሳቀሳለች፤ የምታደርገውም ነገር ከተፈጸመ በኋላ ነው የሚፈረድበት።

ያ ሥልጣን በጣም የሚገለጸው በፍተሻ ጊዜ ነው። ሦስት ሰዎች በትንሽ ጀልባ ወደ ተጠርጣሪው መርከብ ይሻገራሉ፤ በቃኚዋ ላይ ስድስት ይቀራሉ። ሌላው መርከብ ሃያ ሰው ሊኖረው ይችላል፤ ፈታሾቹ ሦስት ናቸው፣ በሩን የሚከፍትላቸውም የሚፈትሹት ሰው ነው። እንዲከፍት የሚያደርገው ሦስቱን መፍራቱ አይደለም፤ ከመርከቢቱ ጎን የተሳለው መለያ ወኪል የሆነለት መንግሥት ነው። በሩ ከተከፈተ በኋላ የሚገኘው ደግሞ ብዙ ጊዜ የተደበቀ መሣሪያ ሳይሆን ፈቃዱ ያለፈበት የአየር ማጣሪያ፣ ተደራርበው የሚተኙ ሠራተኞች፣ ከሚገባው በላይ የተጫነ ዕቃ ነው። ፈታሹ ሕጉን ካስከበረ መርከቡን ማስቆም አለበት፤ ካስቆመው ሠራተኞቹ ደመወዛቸውን ያጣሉ። ቃኚዋ ያሳለፈችው መርከብ ደግሞ ከወራት በኋላ የጭንቅ ጥሪ የሚያሰማው እርሱ ሊሆን ይችላል። በረቂቄ ውስጥ ያሉት አሥራ አንድ ሰዎች ቀደም ሲል ምክትሉ ራርቶ ያሳለፈው መርከብ ላይ ያሉ ናቸው።

ትልልቆቹ መርከቦች ትንንሾቹን መናቅ እንደሌለባቸው ታሪክ ደጋግሞ አሳይቷል፤ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1967 ከፖርት ሰይድ የተተኮሱ የግብፅ ትናንሽ የሚሳይል ጀልባዎች ሚሳይሎች ኢላት የተባለችውን የእስራኤል ዲስትሮየር አስምጠዋል። በልቦለድም ይህ ይወደዳል፤ ትንሽ መርከብ ግዙፉን ስትጥል አንባቢ ያጨበጭባል። እኔን ግን ብዙም አይስበኝም፤ ያ የሚሳይሉ ታሪክ እንጂ የመርከቢቱ አይደለም፣ ቃኚ መርከብም ለዚያ አልተሠራችም።

በረቂቄ መጨረሻ መርከቢቱ ሃያ ሰው ይዛ ትመለሳለች፤ አዛዧም ከነዳጇ አብዛኛውን ስለጨረሰችበት ውሳኔ አጣሪ ቦርድ ፊት ትቀርባለች። ሪፖርቷን ቁጥሮች ብቻ አድርጋ ጻፈችው፦ ርቀት፣ ፍጥነት፣ የኦክስጅን መጠን፣ የቀረ ነዳጅ። ሃምሳ አለቃው አብሬ ካልፈረምኩ አለ፤ ሥርዓቱ የአዛዧን ፊርማ ብቻ ስለሚቀበል የራሱን የሞተር ክፍል መዝገብ ለብቻው አስገባ። ሁለቱ ሰነዶች በቀረው ነዳጅ ላይ በ40 ኪሎ ይለያያሉ። የቦርዱ ሊቀመንበር ልዩነቱን አይቶ አዛዧን በሰከንድ 1.5 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ስትወስን ስለዚያ 40 ኪሎ ታውቅ እንደነበረ ይጠይቃታል። ታውቅ ነበር ካለች ሃምሳ አለቃው በሐሰት ሪፖርት ይጠየቃል፤ አላውቅም ካለች ደግሞ የባልደረቦቿን ሕይወት ያስያዘችው ከእውነቱ በጠበበ ሒሳብ ላይ ነው ማለት ነው። እስካሁን የጻፍኩት እዚህ ድረስ ነው፤ መልሷን ግን በሁለቱም መንገድ ጽፌ በየትኛው እንደምተወው አልወሰንኩም።